የትኛው የዳይቪንግ ደረጃ ለዲኮምፕሬሽን ያበቃል? ከደሴና ከኮምቦልቻ ለሚነሱ ጠላቂዎች የንጽጽር መመሪያ

ከደሴ ወይም ከኮምቦልቻ ተነስቶ ስኩባ ዳይቪንግ መማር የሚሻ ሰው በባቲ፣ በሚሌና በገላፊ ወርዶ ጅቡቲ ላይ ባሕር ያገኛል። አውሮፕላን የመረጠ ደግሞ ከኮምቦልቻ በአዲስ አበባ በኩል ወደ ግብፅ ወይም ወደ ዛንዚባር ይበራል። መንገዱ ሩቅ፣ ወጪውም ከባድ ስለሆነ ብዙዎች «ከሄድኩ አይቀር» ብለው በአንድ ጉዞ የሚችሉትን ያህል የብቃት ማረጋገጫ ካርድ ሰብስበው መመለስ ይፈልጋሉ። ይህ አካሄድ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደረጃዎች ላይ ብዙም ጉዳት የለውም። ዲኮምፕሬሽን (በሰውነት የተሟሟው ጋዝ እንዲወጣ በየማቆሚያው እየቆዩ መውጣት) ላይ ሲደርስ ግን ሕይወት ያስከፍላል።

ከደረጃዎቹ የትኛው ለዲኮምፕሬሽን በእውነት ያበቃል? የትኛውስ ያበቃ እየመሰለ ያሳስታል? መልሱ ካርድ ላይ በተጻፈው የጥልቀት ቁጥር ውስጥ የለም። እዚህ ሁሉንም ደረጃ የምንመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው፤ ችግር ሲደርስ ወደ ላይ ሳይወጡ፣ እዚያው ውሃ ውስጥ ሆነው መፍታት ይችላሉ ወይ?

ጣሪያ ያለው ጠለቃ

በ18 ሜትር ላይ ግማሽ ሰዓት የቆየ ጠላቂ መሣሪያው ቢበላሽበት የጓደኛውን አየር እየተጋራ፣ ፍጥነቱን ጠብቆ በቀጥታ መውጣት ይችላል። 5 ሜትር ላይ ሦስት ደቂቃ መቆየቱ የሚመከር ጥንቃቄ ነው፤ አየር ካጠረው ግን ሊዘለው ይችላል። ዲኮምፕሬሽን ውስጥ የገባ ሰው ይህ ምርጫ የለውም። ከራሱ በላይ የማይታይ ጣሪያ አለ። ጥልቀትና ጊዜ የሚቆጥረው የጠለቃ ኮምፒውተሩ «6 ሜትር ላይ 4 ደቂቃ፣ 3 ሜትር ላይ 9 ደቂቃ» ካለው ያ ጊዜ እስኪሞላ አየሩ ቢያልቅም፣ ማስኩ ቢወልቅም፣ ፍርሃት ቢይዘውም መፍትሔውን እዚያው ታች ማግኘት አለበት።

የጣሪያውን ምክንያት ለመረዳት ባሕር ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ደሴ ላይ ክዳኑ ጥብቅ ተደርጎ የተዘጋ ባዶ ሃይላንድ ይዘው ወደ ሚሌ ቢወርዱ ጎኑ እየተጨማደደ ይሄዳል፤ ሚሌ ላይ የተዘጋው ደግሞ ደሴ ሲደርስ ይወጠራል። ላስቲኩን የሚያጨማድደውም የሚወጥረውም የአየር ግፊት ልዩነት ነው። 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላት ደሴ ላይ ግፊቱ ወደ 0.75 ባር ነው፤ ባሕር ጠረፍ ላይ 1 ባር ይሆናል። ውሃ ውስጥ ሲገቡ በየ10 ሜትሩ አንድ ባር ይጨመራል፤ 30 ሜትር ላይ 4 ባር፣ 40 ሜትር ላይ 5 ባር። በዚህ ግፊት የሚተነፈሰው ናይትሮጅን በደም፣ በስብ፣ በመገጣጠሚያና በአከርካሪ ነርቭ ውስጥ ይሟሟል። ቀስ ብለው ከወጡ በሳንባ በኩል ይወጣል። ከፈጠኑ እዚያው ባለበት አረፋ ይሆናል።

ፓዲ በተባለው የጠለቃ ማሠልጠኛ ድርጅት የአየር ሰንጠረዥ መሠረት ያለ ዲኮምፕሬሽን መቆየት የሚቻለው በ18 ሜትር 56 ደቂቃ፣ በ30 ሜትር 20 ደቂቃ፣ በ40 ሜትር 9 ደቂቃ ብቻ ነው። ከ18 ወደ 40 ሜትር ሲወረድ ጥልቀቱ ከእጥፍ ጥቂት ሲበልጥ የሚፈቀደው ጊዜ ከስድስት እጥፍ በላይ ይቀንሳል። 40 ሜትር ላይ ሳያስቡት ዲኮ (ዲኮምፕሬሽን) ውስጥ መግባት ቀላል የሚሆነው ለዚህ ነው።

የመዝናኛ ደረጃዎች

ኦፕን ዋተር የሁሉም መግቢያ ነው። በአራት የባሕር ጠለቃ ይጠናቀቃል፤ ወሰኑ 18 ሜትር ነው። 200 ሜትር መዋኘትና 10 ደቂቃ መንሳፈፍ ይጠይቃል። ሐይቅ ዳር ላላደጉ የደሴ ልጆች ትልቁ ፈተና ብዙውን ጊዜ ይህ ነው፤ ስለዚህ ትኬት ከመቁረጥ በፊት ዋና ይማሩ።

አድቫንስድ ኦፕን ዋተር በስሙ ከሁሉም በላይ ያሳስታል። አምስት ጠለቃ ነው፤ አንዱ ጥልቅ፣ አንዱ የአቅጣጫ፣ ሦስቱ በምርጫ። ቅድመ ሁኔታው ኦፕን ዋተር ብቻ ስለሆነ በዕድሜ ልኩ ዘጠኝ ጊዜ ብቻ የጠለቀ ሰው «አድቫንስድ» የሚል፣ እስከ 30 ሜትር የሚፈቅድ ካርድ ሊይዝ ይችላል። ትምህርቱ መጥፎ አይደለም፤ የተለያየ የጠለቃ ዓይነት ማስቀመሻ ነው። ስለ ዲኮምፕሬሽን የሚያስተምረው ግን እንዴት እንደሚሸሹት ነው። ዲፕ ዳይቨር የሚባለው ተጨማሪ ኮርስም እስከ 40 ሜትር ያደርሳል፤ እሱም ዲኮን ሲሳሳቱ የሚገቡበት አደጋ አድርጎ ነው የሚያየው።

ሬስኪው ዳይቨር በዚህ ረድፍ ውስጥ የሚከፈልበትን ገንዘብ የሚያወጣ ኮርስ ነው። ከራስ አልፎ የጓደኛን መጨናነቅ ማንበብ፣ ራሱን የሳተን ሰው ማውጣት፣ ኦክስጅን መስጠት የሚጀመረው እዚህ ነው። ጥልቀት አይጨምርም፤ ሰውን ግን ይለውጣል። ለዲኮ የሚያስብ ሰው ይህን ሳይወስድ አይለፍ።

ዳይቭማስተር የሙያ ደረጃ ነው። ለመጀመር 40፣ ለመመረቅ 60 ጠለቃ ይጠይቃል። ሌሎችን መምራትና ጀልባ ላይ ማደራጀት ያስተምራል። ብዙ ሰው ከዲኮ ሥልጠና በላይ ያለ ደረጃ ይመስለዋል፤ ግን መንገዱ ሌላ ነው። ባለ ሁለት ሲሊንደር ለብሶ የማያውቅ ጎበዝ ዳይቭማስተር ለዲኮ ጀማሪ ነው።

ጅቡቲ ላይ አንድ ተጨማሪ ግራ መጋባት ይገጥማል። ፈረንሳይኛ የሥራ ቋንቋ በመሆኑ ጀልባው ላይ በፈረንሳይ ስርዓት የሠለጠኑ ጠላቂዎች ይኖራሉ። በእነሱ አቆጣጠር ደረጃ 1 በመሪ እስከ 20 ሜትር፣ ደረጃ 2 ያለ መሪ እስከ 20፣ በመሪ እስከ 40፣ ደረጃ 3 ደግሞ ያለ መሪ እስከ 60 ሜትር ነው፤ የዲኮ ማቆሚያም በአየር የሚሠራ የተለመደ ነገር ነው። የእንግሊዙ የጠላቂዎች ማኅበር ቢሳክም ስፖርትስ ዳይቨር በሚለው ደረጃ የዲኮ ዕቅድ ያስተምራል። ስለዚህ አብሮዎት የሚጠልቀው ሰው «ትንሽ ዲኮ ብንገባ ምንም አይደለም» ቢል ለእሱ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለአድቫንስድ ባለ ካርድ አይደለም። ከመጥለቅ በፊት «ያለ ዲኮ ነው የምወጣው» ብሎ መናገርና ደቂቃውን ተስማምቶ መግባት ግድ ነው።

የቴክኒካል መንገዶች ሲነጻጸሩ

ዲኮን አስቦ የሚገባበት ሥልጠና የሚጀምረው እዚህ ነው። የሦስት ማሠልጠኛ ድርጅቶችን፣ የፓዲን፣ የቲዲአይንና የጂዩኢን መንገድ እናነጻጽር።

የፓዲ ቴክ 40 ትንሹ እርምጃ ነው። 18 ዓመት፣ አድቫንስድ፣ ናይትሮክስ (ኦክስጅኑ ከተራ አየር የበዛ ድብልቅ)፣ ዲፕ ዳይቨርና 30 የተመዘገቡ ጠለቃዎች ይጠይቃል፤ ከ30ው 10ሩ በናይትሮክስ፣ ከ18 ሜትር በሚበልጥ ጥልቀት የተደረጉ መሆን አለባቸው። ሲመረቁ እስከ 40 ሜትር፣ በድምሩ እስከ 10 ደቂቃ ዲኮ፣ እስከ 50 በመቶ ኦክስጅን ይፈቅዳል። ሁለት አፍ ያለው ቫልቭ በገጠመ አንድ ሲሊንደርም መሥራት ይቻላል። ጥቅሙ መሣሪያው ቀላልና ወጪው ዝቅ ያለ መሆኑ ነው። ድክመቱ የሥልጠና ጠለቃዎቹ አራት ብቻ መሆናቸው ነው፤ በዓመት አንዴ ለሚጠልቅ ሰው አራት ጠለቃ የእጅ ልማድ አያደርግም።

የቲዲአይ አድቫንስድ ናይትሮክስና ዲኮምፕሬሽን ፕሮሲጀርስ ብዙ ጊዜ አብረው ይሰጣሉ። ወሰኑ 45 ሜትር ነው፤ የኦክስጅኑ መጠን እስከ 100 በመቶ ሊደርስ ይችላል። በወረቀት ላይ 25 ጠለቃ ብቻ ይጠይቃል። ይህ ቁጥር ትንሽ ነው ብለን እናምናለን፤ ጥሩ አሠልጣኝም 25 ጠለቃ ያለውን ሰው በአብዛኛው «መጀመሪያ ኢንትሮ ቱ ቴክ ውሰድ» ብሎ ይመልሰዋል። ኢንትሮ ቱ ቴክ ዲኮ አያስተምርም፤ የመሣሪያ አደረጃጀት፣ ሚዛንና የጋዝ ሒሳብ ብቻ ነው የሚሰጠው። ለዚያም ነው የምንወደው።

ጂዩኢ ተቃራኒውን ቅደም ተከተል ይከተላል። ፈንዳሜንታልስ የሚባለው ኮርስ ዲኮም ጥልቀትም የለውም፤ ሰው በውሃ ውስጥ አግድም ሆኖ፣ ከቦታው ሳይነቃነቅ፣ እጁ ላይ ሥራ እያለ ጥልቀቱን መጠበቅ ይችል እንደሆነ ይመዝናል። የቴክኒክ ማለፊያ ያላገኘ ወደ ቴክ 1 አይገባም። ቴክ 1 እስከ 51 ሜትር ሲሆን ሂሊየም ያለበት ድብልቅ ይጠቀማል። ወጪው ከሦስቱ ይከብዳል፤ ሂሊየምና አሠልጣኙም በየቦታው አይገኙም። ነገር ግን ራሱን በእውነት ለመለካት የሚሻ ሰው ከየትኛውም ካርድ በፊት ፈንዳሜንታልስን ቢወስድ ገንዘቡ አይባክንም፤ ያለ ካርድ ቢመለስ እንኳ ምን እንደጎደለው አውቆ ይመለሳል።

ፍርዳችን ይህ ነው፤ ከአሠልጣኙ ጋር ለስድስትና ሰባት ቀን መቆየት የሚችልና ባለ ሁለት ሲሊንደር ልምምድ ያለው የቲዲአዩን ጥምር ይምረጥ። ይህ የሌለው ቴክ 40ን እንደ መጨረሻ ካርድ አይቁጠረው፤ በአሠልጣኝ ወይም ልምድ ባለው ጓደኛ አጠገብ የሚሠራበት ፈቃድ ያድርገው።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ይጠይቁ፤ የሚፈልጉት ዲኮ ነው ወይስ ትንሽ ተጨማሪ ደቂቃ? 32 በመቶ ኦክስጅን ያለው ናይትሮክስ በ30 ሜትር ላይ ያለ ዲኮ መቆያውን ከ20 ወደ 30 ደቂቃ ገደማ ያደርሰዋል። የናይትሮክስ ኮርስ አንድ ቀን ነው። የታጁራ ባሕረ ሰላጤን የኮራል ሪፍ፣ የሙሻና የማስካሊ ደሴቶችን ለማየት ከዚህ በላይ የሚያስፈልገው ሰው ጥቂት ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት የሚመጣው ዌል ሻርክ የተባለው ግዙፍ ዓሣ ደግሞ የሚታየው ውሃው ወለል አጠገብ፣ በማስክና በትንፋሽ ቱቦ ብቻ ነው።

«አሥር ደቂቃ ብቻ» የሚባለው ዲኮ

አብዛኛው አደጋ የሚጀምረው ከሒሳብ ስለሆነ እዚህ ላይ ቀስ እንበል።

40 ሜትር ላይ ሁለት ጠላቂዎች አሉ እንበል፤ የአንዱ አየር ተቋረጠ። የደነገጠ ሰው ውሃ ወለል ላይ ቢለካ በደቂቃ 30 ሊትር ያህል ይተነፍሳል፤ ለሁለት 60። በ5 ባር ግፊት 60 ሊትሩ 300 ይሆናል። አየር ተጋርተው ለመረጋጋት አንድ ደቂቃ ቢወስዱ 300 ሊትር ሄደ። በደቂቃ 9 ሜትር ፍጥነት እስከ 6 ሜትር ለመውጣት 4 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፤ አማካይ ግፊቱ 3.3 ባር ስለሆነ 792 ሊትር። ከዚያ 10 ደቂቃ ዲኮ በአማካይ 5 ሜትር ላይ፣ በ1.5 ባር፣ 900 ሊትር። ድምሩ 1,992 ሊትር ነው።

በብዙ የመዝናኛ ጀልባ ላይ ያለው የአሉሚኒየም ሲሊንደር 11.1 ሊትር ነው፤ 200 ባር ሲሞላ 2,220 ሊትር ይይዛል። ከላይ ያለው ድምር ከዚህ 180 ባሩን ይበላል። የቀረው 20 ባር 222 ሊትር ነው፤ በእርጋታ የሚተነፍስ፣ በደቂቃ 20 ሊትር የሚበቃው ሰው እንኳ 40 ሜትር ላይ 100 ሊትር ስለሚያወጣ ሁለት ደቂቃ ብቻ ይቆይበታል። ያውም መውረጃውን ሳንቆጥር። አንድ ሲሊንደር ብቻ ይዘው ዲኮ የሚገቡ ሰዎች ጤነኛ ሆነው የሚመለሱት ችግር ስላልገጠማቸው ነው።

ባለ ሁለት 12 ሊትር ሲሊንደር በ200 ባር 4,800 ሊትር ይይዛል። ያው 1,992 ሊትር እዚህ ላይ 83 ባር ብቻ ነው፤ የዲኮው ጋዝ ደግሞ ለብቻው በሌላ ሲሊንደር ተሞልቶ በጠላቂው ጎን ላይ ይታሰራል። ድርብ ሲሊንደር ሌላም ጥቅም አለው፤ አንዱ ሬጉሌተር (ጋዙን ከሲሊንደሩ ወደ አፍ የሚያደርሰው መሣሪያ) ጋዝ ማፍሰስ ቢጀምር ቫልቩን ዘግቶ በሌላው መተንፈስ ይቻላል። ቫልቩን ራሱ መድረስ ካልቻለ ግን ሁለት ሲሊንደር ክብደት ብቻ ነው።

የዲኮ ጋዝ የራሱ አደጋ አለው። 50 በመቶ ኦክስጅን በ21 ሜትርና ከዚያ ባነሰ ጥልቀት ብቻ፣ ንጹሕ ኦክስጅን በ6 ሜትርና ከዚያ ባነሰ ጥልቀት ብቻ ይተነፈሳል። ንጹሑን ኦክስጅን በስህተት 21 ሜትር ላይ አፉ ላይ ያደረገ ሰው 3.1 ባር ኦክስጅን እየሳበ ነው፤ ወሰኑ 1.6 ነው። ውጤቱ ያለ ማስጠንቀቂያ የሚመጣ መንቀጥቀጥ ነው፤ አፍ ላይ ያለው ይወድቅና ሰውየው ይሰምጣል። ስለዚህ ሲሊንደሩን ሞልቶ ከሰጠው ሰው ቃል በላይ መለኪያ ይመኑ፤ ራስዎ ይለኩ፣ የሚፈቀደውን ጥልቀት በትልቅ ቁጥር ሲሊንደሩ ጎን ላይ ይለጥፉ። በሚቀይሩበት ጊዜ ጥልቀቱን ያዩ፣ ጽሑፉን ለጓደኛዎ ያሳዩ፣ ቱቦውን በእጅ ከሲሊንደሩ እስከ አፍ ተከትለው ያረጋግጡ፣ ከዚያ ብቻ ይተንፍሱ።

ስለ አየር መሙላት አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። ኮምቦልቻ ውስጥ ጎማ የሚሞላ ኮምፕሬሰር በየጋራዡ አለ፤ ለመተንፈሻ ግን አይሆንም። ግፊቱ ከ10 ባር የማያልፍ መሆኑ አይደለም ዋናው ነገር፤ የዘይት ትነትና ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚያጣራ የለውም። 40 ሜትር ላይ የካርቦን ሞኖክሳይዱ ጉልበት አምስት እጥፍ ነው።

ዝግጁ መሆንዎን በውሃ ውስጥ ይፈትኑ

ካርዱን ይተዉትና እነዚህን በ10 ሜትር ውሃ ውስጥ፣ አሠልጣኝ እያየ ይሞክሩ።

ምንም ገመድ ወይም ሪፍ ሳይዙ 6 ሜትር ላይ 10 ደቂቃ ይቁሙ፤ ከግማሽ ሜትር በላይ ከፍ ዝቅ ሳይሉ። ሲችሉ ይህንኑ ማስክ አውልቀው መልሰው እያደረጉ ይድገሙት። ከዚያም የምልክት ፊኛውን ሞልተው ወደ ላይ እየላኩ ይድገሙት። ብዙ ሰው የሚወድቀው በፊኛው ነው፤ ሲነፋ ትንፋሹን ይይዛል፣ ትንፋሹ ወደ ላይ ይስበዋል፣ ገመዱ ጣቱ ላይ ይጠመጠማል፣ ሳያውቀው 2 ሜትር ላይ ይገኛል። በእውነተኛ ዲኮ ይህ ማለት ጣሪያውን መብሳት ነው።

የድርብ ሲሊንደሩን ሦስት ቫልቮች (የሁለቱን ሲሊንደሮችና በመካከል የሚያገናኛቸውን) ዘግተው ከፍተው ይጨርሱ፤ ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፍጅ። እጅ ካልደረሰ ችግሩ ብዙውን ጊዜ ቀበቶው ወይም የትከሻ መጠንከር ነው፤ ደሴ እቤትዎ ሆነው በየቀኑ ትከሻ ማፍታታት ያስተካክለዋል።

የዲኮ ጋዝ ጠፋ ብለው ያስቡና ጀርባ ላይ ባሉት ሲሊንደሮች ጋዝ ብቻ ለመውጣት የሚያስፈልገውን ደቂቃ ከእጅ ሰሌዳ ላይ አንብበው ይተግብሩ። ሰሌዳው ላይ ካልተጻፈ ዕቅድ የለም ማለት ነው። ሁለተኛ ኮምፒውተርም ያስፈልጋል፤ የአንዱ ባትሪ ሲሞት የቀረው ጊዜ አብሮ እንዳይጠፋ።

ከ30 ሜትር በሚበልጥ ጥልቀት በአየር ሲጠልቁ ናይትሮጅኑ ጠጅ እንደጠጣ ሰው ሞቅ ያደርጋል። የሚያስፈራው ደስታው አይደለም፤ ሰውየው ደህና ነኝ ብሎ ማመኑ ነው። ቁጥር ማንበብና መደመር የሚከብደው ከዚያው ሰዓት ጀምሮ ነው።

ከሁሉም በላይ ልማድ ይደርቃል። የደሴ ጠላቂ በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ባሕር ያያል። ካርዱ አያረጅም፤ እጅ ግን ይረሳል። ያለፈው ዓመት ተመራቂም ቢሆኑ በአዲሱ ጉዞ መጀመሪያ ቢያንስ አምስት ያለ ዲኮ ጠለቃዎችን፣ ልምምዶቹን እየደጋገሙ ያድርጉ። አምስቱ ካልተስተካከሉ የዚያ ጉዞ ዲኮ ይቅር።

ለደገኛ ብቻ የሚመጣው፦ ወደ ቤት መመለስ

የጠለቃ መጻሕፍት የተጻፉት ባሕር ዳር ለሚኖር ሰው ነው። ለእኛ ዲኮምፕሬሽን ጀልባው ላይ አያበቃም።

ዳይቨርስ አለርት ኔትወርክ የሚባለው የጠላቂዎች ደኅንነት ተቋም ከመብረር በፊት ይጠበቅ የሚለው ይህ ነው፤ ከአንድ ያለ ዲኮ ጠለቃ በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ በቀን ብዙ ጊዜ ወይም ለብዙ ቀናት ከጠለቁ 18 ሰዓት፣ ዲኮ ካለበት ከ18 ሰዓት በብዙ የሚበልጥ። ይህ መመሪያ የታሰበው ከ600 እስከ 2,400 ሜትር ላለ ከፍታ ነው፤ የአውሮፕላን ውስጥ ግፊትም ከዚያ አይወጣም። የባሕር ዳሩ ሰው ጥቂት ሰዓት በርሮ ይወርዳል። አዲስ አበባ ላይ የሚያርፍ ግን ከበረራው ከፍታ በእውነት አልወረደም፤ ቦሌ ራሱ 2,300 ሜትር ገደማ ነው። ደሴ ደግሞ ከመመሪያው ወሰን በላይ ናት፤ ያውም ለሰዓታት ሳይሆን ለኑሮ። ስለዚህ ለደሴ ተመላሽ የምንመክረው ያለ ዲኮ ከጠለቀ 24 ሰዓት፣ ዲኮ ከነበረው 48 ሰዓት ባሕር ጠረፍ ላይ እንዲቆይ ነው።

በመኪና መመለስም ያው በረራ ነው። ሚሌ 500 ሜትር አካባቢ ነው፤ ባቲ ሲደርሱ 1,500፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ፣ ሐረጎን ወጥተው ደሴ ሲገቡ 2,500። ከሚሌ እስከ ደሴ በግማሽ ቀን ውስጥ 2 ኪሎ ሜትር ወደ ላይ ማለት ነው። መጠበቂያውን ጨርሰው ተነስተው መንገድ ላይ ማደር ካለብዎ ሚሌ ይደሩ፤ ባቲ ማደር ግን ገና ከፍታውን ወጥተው ማደር ነው። ከጅቡቲ የሚወጣ የጭነት መኪና ሹፌር ቢቸኩል ጠላቂ አብሮት አይቸኩል።

በሐይቅ ከተማ አጠገብ ባለው ሐይቅ መጥለቅን የሚያስቡም አሉ። የሐይቅ ውሃ ከደሴ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ነው፤ ጥልቀቱም ከ80 ሜትር ያልፋል። ነገር ግን ውሃው ወለል ራሱ ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ ግፊቱ 0.8 ባር ያህል ነው፤ የባሕር ሰንጠረዥ እንዳለ አይሠራበትም። 24 ሜትርን ለ0.8 ሲያካፍሉ 30 ይመጣል፤ ሐይቅ ላይ 24 ሜትር መጥለቅ በሰንጠረዡ ላይ እንደ 30 ሜትር ይቆጠራል። የ6 ሜትር ማቆሚያም 4.8 ሜትር ይሆናል። ኮምፒውተርዎ ከፍታን በራሱ የሚለይ ነው ወይስ በእጅ የሚስተካከል፣ ከመግባትዎ በፊት ይወቁ። ደግሞም ከሐይቅ ወደ ደሴ መመለስ 500 ሜትር መውጣት ነው፤ ከጠለቃ በኋላ እዚያው ከተማው ማደር ይሻላል። ዲኮ ለመለማመጃ ሐይቅ ቦታው አይደለም።

ምልክቱ ሲመጣ

በሰውነት ውስጥ የተፈጠረው አረፋ የሚያመጣው በሽታ ምልክቶች እነዚህ ናቸው፤ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የቆዳ መዥጎርጎርና ማሳከክ፣ መደንዘዝ፣ የእግር መዛል፣ ማዞር፣ ሽንት እንቢ ማለት፤ ከወጡ በደቂቃዎች ወይም በሰዓታት ውስጥ ይታያሉ። «ድካም ነው» ብሎ መተኛት የተለመደው ስህተት ነው። ጫት ይህን ያባብሰዋል፤ ልብ ያስመታል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ድካምን ይሸፍናል፤ የዲኮ ቀንም ዋዜማውም ላይ አይቃም።

ሰውየውን በጀርባው ያስተኙ፣ 100 በመቶ ኦክስጅን ይስጡ፣ ራሱን ካወቀ ውሃ ያጠጡ፣ ወደ ግፊት ክፍል (በሽተኛው በከፍተኛ ግፊት ወደሚታከምበት ክፍል) የሚያደርስ እርዳታ ይጥሩ። መልሶ ውሃ ውስጥ ማስገባት፣ ወይም «ቤቱ ሄዶ ይታከም» ብሎ ወደ ባቲ ዳገት መጫን በሽታውን ያከፋዋል። በደቂቃ 15 ሊትር የሚሰጥ ማስክ ለሁለት ሰዓት 1,800 ሊትር ኦክስጅን ይፈልጋል። ጀልባው ስንት እንደያዘ ቦታ ከመያዝዎ በፊት ይጠይቁ፤ የግፊት ክፍሉ የት እንዳለና ማን እንደሚያደርስም። ኢንሹራንስዎ ዲኮን ይሸፍን እንደሆነ ውሉን ያንብቡ፤ አንዳንዱ የመዝናኛ ወሰንን ካለፉ አይከፍልም።

ጉዞዎቹን እንዴት ይከፋፍሉ

የመጀመሪያው ጉዞ ለኦፕን ዋተርና ከዚያ በኋላ ለሚደረጉ ስድስት ሰባት ያለ ኮርስ ጠለቃዎች ይሁን። ሁለተኛው ለአድቫንስድ፣ ለናይትሮክስና ለሬስኪው። ሦስተኛው ለኢንትሮ ቱ ቴክ ወይም ለፈንዳሜንታልስ። የዲኮው ኮርስ አራተኛው ነው፤ በየጉዞው ያለ ኮርስ ጠለቃዎችን ከጨመሩ በዚያ ሰዓት መዝገብዎ ላይ 60 ወይም 70 ጠለቃ ሊኖር ይችላል። በመካከል ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ሆነው ንድፈ ሐሳቡን ማጥናት፣ የጋዝ ሒሳቡን ያለ ካልኩሌተር እስኪችሉ መሥራት፣ የጋዝ መቀየሩን ቅደም ተከተል ወለል ላይ ቆመው በእጅ መለማመድ ይቻላል። አሠልጣኝ ሲመርጡ በዓመቱ ስንት ተማሪ ሳያሳልፍ እንደመለሰ ይጠይቁት፤ ሁሉንም አሳልፋለሁ የሚል ከሆነ ሌላ ይፈልጉ።

የመመለሻ ትኬት ሲቆርጡ ደግሞ ከመጨረሻው የዲኮ ጠለቃ ሰዓት ጀምረው ወደፊት 48 ሰዓት ይቁጠሩና ቀኑን ከዚያ ያስይዙ። የቀሩትን ሁለት ቀናት መሣሪያውን በንጹሕ ውሃ ለማጠብ፣ ሬጉሌተሩን ጥላ ላይ ለማድረቅና መዝገቡን ለማስፈረም ይጠቀሙባቸው።